ከጋራዥ የተረፈውን አታምጡልን

ባለፈው ሳምንት የአክስቴ ልጅ ከሎስ አንጀለስ ደወለ። ለገና ሊመጣ ነው። የእማማ ጤና፣ የዶላሩ ነገር፣ «አንቺ ግን መቼ ነው የምታገቢው?» ምናምን ተብሎ ካበቃ በኋላ እንዲህ አለኝ፦

«ስሚ እንጂ፣ ጋራዥ ውስጥ ሦስት ስኬትቦርድ ቦታ አጣቦብኛል። ለነዚያ ለሰፈርሽ ልጆች የቱን ይዤላቸው ልምጣ? ቶሎ በይ፣ ሻንጣ እያሰርኩ ነው።»

ማመስገን ነበረብኝ። እኔ ግን ተናደድኩ። የተናደድኩበትን ምክንያት ልንገራችሁና እናንተ ፍረዱ።

ይኸው ልጅ ባለፈው ዓመት ኢንዶኔዥያ ሄዶ ነበር። ሰርፊንግ ይወዳል፤ በፊልም የምናየው፣ ማዕበል ላይ በሰሌዳ ቆመው የሚንሸራተቱት ነገር ነው። ከመሄዱ በፊት ለሁለት ሳምንት ሌላ ወሬ አልነበረውም። ማዕበሉ ትልቅና ፈጣን ከሆነ ረዘምና ጠበብ ያለ ሰሌዳ ያስፈልጋል፤ ትንሽና ሰነፍ ከሆነ ደግሞ አጠር፣ ሰፋ፣ ወፈር ያለው ይሻላል። አንዱ ቢሰበርስ? መተኪያ ይያዛል። ከሥሩ የሚገጠሙት ክንፎችስ? መለዋወጫ ይያዛል። እግር እንዳያንሸራትት ሰሌዳው ላይ የሚቀባው ሰም እንኳ ይመረጣል! ለቀዝቃዛ ባሕር የተሠራው ሰም በሞቃት ባሕር ስለሚልም፣ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ጠንከር ያለውን ይገዛል። ይህን ሁሉ የነገረኝ እሱ ራሱ ነው። የባሕር በር ለሌላት አገር ልጅ በስልክ የተሰጠ ሙሉ ኮርስ ነበር።

ለራሱ ሲጓዝ በማዕበሉ መረጠ። ወደ እኛ ሲመጣ ግን በጋራዡ ሊመርጥ ነው። እዚያ «የምሄድበት ቦታ ምን ይፈልጋል?» ብሎ ጠየቀ። እዚህ ግን «ቤቴን ያጣበበው የቱ ነው?» እያለ ነው። የዛሬው ጠቤ ከዚህች ልዩነት ጋር ነው። ጠቡም ከአክስቴ ልጅ ጋር ብቻ አይደለም፤ ሻንጣ ይዞ ወደ ቦሌ ከሚመጣው ሁሉ ጋር፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ከራሴ ጋር ነው።

ሁሉም በጎማው ነው

ስኬትቦርድ ራሱ የባሕር ልጅ ነው። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የካሊፎርኒያ ወጣቶች ማዕበል ሲጠፋባቸው እንጨት ላይ ጎማ መትተው አስፋልት ላይ መንሸራተት ጀመሩ። ጎማው መጀመሪያ ብረት፣ ቀጥሎ ሸክላ ነበር። ጠጠር ሲያገኝ ይቆማል፣ ሰውየው ግን አይቆምም! በ1970ዎቹ መጀመሪያ ፍራንክ ናስዎርዚ የሚባል ወጣት ዩሪቴን ከሚባለው ፕላስቲክ መሰል ነገር የተሠራ ጎማ ለገበያ አቀረበና ሁሉም ነገር ተለወጠ። እንጨቱ ያው እንጨት ነው። የተቀየረው ጎማው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ። ሰርፊንግም ስኬትቦርድም እ.ኤ.አ. በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ገቡ። በሴቶች የጎዳና ውድድር ወርቁን የወሰደችው ጃፓናዊትም ብሩን የወሰደችው ብራዚላዊትም የ13 ዓመት ልጆች ነበሩ። አሥራ ሦስት!

እኛስ? «የፈረንጅ ጨዋታ» ለምትሉ ወንድሞቼ፣ እናንተው ልጅ ሳላችሁ ከጋራዥ ኩሽኔታ ለምናችሁ፣ ጣውላ ሥር መትታችሁ ቁልቁለት አልወረዳችሁም? ጉልበታችሁ ላይ ያለው ጠባሳ ከምን መጣ? በእኛ በኩል ጨዋታው ድሮም ነበረ። የጠፋው ዕቃው ነው። በ2008 ዓ.ም. የአዲስ ስኬት ፓርክ ሲከፈት ኮንክሪቱን ከየአገሩ የመጡ በጎ ፈቃደኞችና የእኛው ልጆች አብረው ነው የሠሩት። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ የሴቶቹ ቡድን፣ «ኢትዮጵያን ገርል ስኬተርስ»፣ ተመሠረተ። ሜዳው ተገኘ፣ ልጆቹም ተገኙ። ቦርዱ ግን አሁንም በአብዛኛው በሰው ሻንጣ ነው የሚመጣው። ሱቅ ውስጥ የምታገኙት አብዛኛው የሕፃናት መጫወቻ ነው፤ ሳምንት አይቆይም።

ስለዚህ ሻንጣው ትልቅ ነገር ነው። አንድ ሰው ማታ ከሻንጣው አጠገብ ቆሞ የሚወስነው ውሳኔ የላፍቶን ልጆች ዓመት ሙሉ ይገዛል።

«ከምንም ይሻላል»

ይህን ዓረፍተ ነገር ከሁሉም አፍ ሰማሁት። ከአክስቴ ልጅ፣ ከእናቴ፣ ቡና ስንጠጣ ከጓደኞቼ። «የሰጡሽን ተቀበዪ እንጂ! ከምንም ይሻላል።» ለአፍ ዳገት የለውም ይባላል። ለእግር ግን ዳገትም ቁልቁለትም አለው።

ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ከውጭ የመጣ እንግዳ ለሰፈራችን ልጆች ሎንግቦርድ ትቶ ሄደ። (ክፉ አላሰበም፤ ስሙም እዚህ አያስፈልግም።) አንድ ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው፣ ትልልቅና ለስላሳ ጎማ የተገጠመለት፣ ለረጅምና ለተስተካከለ አስፋልት የተሠራ ቦርድ ነው። ሰፈሬን የምታውቁ ታውቃላችሁ። ቁልቁለቱ ኮብልስቶን ነው፣ ኮብልስቶኑ ሲያልቅ አስፋልት ነው፣ አስፋልቱ ላይ ደግሞ ሚኒባስ ነው።

የጎረቤታችን ልጅ ያኔ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። በተውሶ ቦርድ ከእኔ ቀድማ የተማረች፣ የማትፈራ ልጅ ናት። ሎንግቦርዱን አቁመው ሲለኳት ደረቷ ላይ ደረሰ። ቦርድ የሚታጠፈው ሰውነት ሲያዘነብል ነው። ከሥሩ ያለው ብረት፣ ትራክ የሚሉት፣ ለትልቅ ሰው ክብደት ጠብቆ የታሰረ ስለነበር ልጅቷ ብታዘነብል ብታዘነብል አልታጠፈላትም። ቀጥ ብላ ወርዳ የቦይ ጠርዝ ላይ ወደቀች። የእጇ አንጓ ተሰበረ።

እጇ ድኗል። ጄሶው ከወጣ ቆየ። ያልዳነው ሌላ ነው። እናቷ «ሁለተኛ እዚያ ነገር ላይ እንዳላይሽ» አሉ፤ እሷም ሁለተኛ አልወጣችም። ወንድ ልጅ ወድቆ ቢሰበር «ወንድ አይደል፣ ይጠነክራል» ይባላል፤ በሳምንቱ ይመለሳል። ሴት ልጅ የምትወድቀው አንድ ጊዜ ነው። ያቺ አንድ ጊዜ «ብዬ አልነበር!» ለሚለው ሁሉ ማስረጃ ትሆናለች።

እና «ከምንም ይሻላል» ለምትሉኝ፦ ለዚህች ልጅ አልተሻለም። ያ ቦርድ ባይመጣ ኖሮ ዛሬም በተውሶዋ ትጫወት ነበር።

ታዲያ ምን ይምጣ?

ዝም ብላ ተናዳ ቀረች እንዳትሉኝ፣ ለአክስቴ ልጅ የላክሁለትን እነሆ። እናንተም ዘመድ ካላችሁ ቅዱና ላኩላቸው።

አንደኛ፣ ሎንግቦርዱን እዚያው ተወው። አንድ ሜትር ዕቃ መደበኛ ሻንጣ ውስጥ አይገባም፣ ለብቻው ካርቶን ይፈልጋል፣ ለኮንክሪቱ ሜዳም አይሆንም።

ሁለተኛ፣ ትንሿን የፕላስቲክ ቦርድም ተዋት። ለካሊፎርኒያ እግረኛ መንገድ ቆንጆ ናት። እዚህ ጀማሪ ልጅ እግሩን የሚያሳርፍበት ስፋት የላትም።

ሦስተኛ፣ የጎዳና ቦርድህን አምጣ። ሰማንያ ሴንቲሜትር ገደማ ስለሆነ ትልቅ ሻንጣ ውስጥ አግድም ይገባል። ሙሉው ቢመዘን ሁለት ኪሎ ተኩል ቢሆን ነው። አየር መንገዳችን በብዙ ዓለም አቀፍ መስመሮቹ ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ፣ ይፈቅዳል። ሒሳቡን አንተው ሥራው።

አራተኛ፣ ለልጆች የሚሆን ጠበብ ያለ እንጨት ጨምር። ያንተ ስፋቱ 20 ሴንቲሜትር ነው፤ ለአሥርና ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ 19 ወይም ከዚያ ትንሽ ያነሰው ይሻላል። ሳይገጣጠም አምጣው፣ ቦታ አይፈጅም። ካቻቪቴና ቁልፍ እዚህ ሞልቷል፣ የሚገጥም እጅም አለ።

አምስተኛ፣ ጎማ። ለሜዳው ጠንካራው፣ 99 ኤ የሚባለው፣ ይሁን። ከቤት እስከ ሜዳ ላለው መንገድ ደግሞ ለስላሳው፣ 78 ኤ አካባቢ ያለው፣ ያስፈልጋል። ጠንካራውን ኮብልስቶን ላይ ብትነዳው ጥርስህ ይረግፋል። አራት ለስላሳ ጎማ ከአንድ ጫማ አይከብድም፤ ለልጁ ግን ሁለተኛ ቦርድ እንደመስጠት ነው።

ስድስተኛ፣ ትራኩ ውስጥ የሚገቡት ጎማ መሳይ ቀለበቶች፣ በተለይ ለቀላል ሰው የሚሆኑት ለስላሳዎቹ፣ ይምጡ። ዋጋቸው የአንድ ምሳ ያህል ነው። ያቺን ልጅ ሊያተርፏት ይችሉ የነበሩት እነሱ ናቸው።

ሰባተኛ፣ ሄልሜትና የእጅ አንጓ መከላከያ። ይህን አላብራራም።

ኩሽኔታ ግን አታምጣ! የቦርድ ኩሽኔታ ቁጥሩ 608 ነው፤ ውስጡ 8፣ ውጭው 22፣ ውፍረቱ 7 ሚሊሜትር። ትንንሽ የኤሌክትሪክ መሣሪያዎች ውስጥ የሚገባው ያው ነው፤ ቁጥሩን ይዞ መርካቶ መዞር ይቻላል። በምትኩ እንጨቱ ላይ የሚለጠፈውን ሸካራ ወረቀት አምጣ። እኛ የአናጺ ብርጭቆ ወረቀት በኮላ እየለጠፍን ክረምት በመጣ ቁጥር ይላጣል።

«ሰው በልቶ ማደር አቅቶት…»

መጣችሁ? እየጠበቅኋችሁ ነበር። «ኑሮው እንዲህ በሆነበት አንቺ ስለ ጎማ ልስላሴ ትጽፊያለሽ?»

አዎ፣ እጽፋለሁ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብሩ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከመቶ አለፈ። መቶ ዶላር የሚያወጣ የጀማሪ ቦርድ አሁን ከአሥር ሺህ ብር በላይ ነው። የላፍቶ እናት ይህን ከየት ታምጣ? ከውጭ ማስመጣት በተወደደ ቁጥር ሻንጣው እየከበረ ይሄዳል። በተትረፈረፈበት አገር የተሳሳተ ዕቃ ይጣላል፣ ሌላ ይገዛል። እኛ ጋ የተሳሳተው ዕቃ የትክክለኛውን ቦታ ይዞ ይቀመጣል፤ በሚቀጥለው ዓመት «ባለፈው አምጥቼላችሁ የለ?» ይባላል። እንግዲህ መምረጥ የድሎት ነገር አይደለም። መምረጥ ያለብን ስለሌለን ነው።

አሁን ወደ ራሴ

ከላይ ከራሴም ጋር ተጣልቻለሁ ብያለሁ። ያ እንግዳ ሎንግቦርዱን ሲሰጥ ቆሜ ነበር። ቦርዱ ለልጆቹ እንደማይሆን በዓይኔ አይቻለሁ። ምን አደረግሁ? አመሰገንኩ። ልጆቹን አሰልፌ ከሰውየው ጋር ፎቶ አነሳኋቸው፣ «እግዜር ይስጥልን» ብዬም ለጠፍኩት። ያቺ ልጅ ፎቶው ላይ መሀል ላይ ናት፤ ቦርዱን አቅፋ ትስቃለች።

ይሉኝታ ይሉታል። ጋዜጠኝነት ተምሬ፣ ሰውን ጠይቁ ተብዬ ተመርቄ፣ «ይቅርታ፣ ይህ ለስንት ዓመት ልጅ ነው?» ብዬ መጠየቅ አፈርኩ። ያፈርኩበትን ዋጋ የከፈለችው እሷ ናት። የጋራዥ ትራፊ የሚመጣልን ሰጪው ክፉ ስለሆነ አይመስለኝም። እኛ «ምንም ይሁን ምን አምጣ» ስለምንል ነው። የሚፈልገውን የማይናገር ሰው የተረፈው ይደርሰዋል።

ስለዚህ እናንተ አገር ቤት ያላችሁ፣ ተናገሩ። ቁመት፣ ዕድሜ፣ የመንገዱን ዓይነት ጽፋችሁ ላኩ። «አስቸጋሪ ናት» ይበሉን፣ ምንም አይደል። እናንተም ከወዲያ ያላችሁ፣ ለራሳችሁ ጉዞ የምታስቡትን ግማሹን ብቻ አስቡልን። ግማሹ ይበቃናል።

የአክስቴ ልጅ ዝርዝሩ ከደረሰው በኋላ ሁለት ቀን ጠፋ። ተቀየመኝ ብዬ ነበር። በሦስተኛው ቀን አንዲት መልእክት ብቻ መጣች፦ «የልጅቷ ክብደት ስንት ኪሎ ነው?»

ትናንት ማታ ልጠይቅ እነሱ ቤት ሄድኩ። እናቷ ቡና አፍልተው እስከ ሦስተኛው አቆዩኝ። ስለ ቀለበቶቹም፣ ስለ አንጓ መከላከያውም፣ ስለ ሁሉም ነገርኳቸው። ገና እሺ አላሉም። ልጅቷ ግን ከጓዳ ሆና ኪሎዋን ጮክ ብላ ነገረችኝ።