«ፎርማት ተደርጓል» አትበሉን

አማን ላይ ያገለገለ ላፕቶፕ ሲሸጥ አንድ የማትቀር ቃል አለች፦ «ወንድሜ፣ ፎርማት ተደርጓል፤ እንደ አዲስ ነው።» ገዢው ይህን ሲሰማ ልቡ ያርፋል። ሻጩም ሊዋሽ ፈልጎ አይደለም፤ እሱም እንደዚያው ያምናል። እኔም አምኜ ገዝቻለሁ። ዛሬ ግን ይህች ቃል እያዘናጋችን ነው እላለሁ፤ በተለይ ለመሥሪያ ቤት ዕቃ የሚገዙትን።

ፎርማት የሚያጸዳው ዲስኩን ነው። ኮምፒውተሩ ሲበራ ከዊንዶውስም ከሊኑክስም ቀድሞ የሚነሳው ፈርምዌር፣ እኛ ባዮስ የምንለው፣ ዛሬ ዩኢኤፍአይ የሚባለው፣ ማዘርቦርዱ ላይ ባለች ሌላ ቺፕ ውስጥ ነው የሚኖረው። ዲስኩን አሥር ጊዜ ብትቀይሩ እሱን አትነኩትም።

ብዙ ሰው «ባዮስ ማሽኑን አስነስቶ ይወጣል» ብሎ ያስባል። አይወጣም። ከኮዱ የተወሰነው ማሽኑ እስኪጠፋ ድረስ ራም ላይ ይቆያል፤ ረንታይም ሰርቪስ ይባላል። ሲስተሙ ሰዓት ለማስተካከል፣ የማስነሻ ቅንብር ለማስቀመጥ፣ ሪስታርት ለማድረግ ይጠራዋል። ለመጥራት ደግሞ የሲስተሙ እምብርት የሆነው ከርነል ያንን ኮድ ሜሞሪ ውስጥ ቦታ ሰጥቶ «ይሠራ» ብሎ መፍቀድ አለበት። ኮዱን ያቀረበው የማሽኑ አምራች ነው፤ የሚሠራው ግን በከርነሉ ሙሉ ሥልጣን ነው። የተለመደው አንቲቫይረስ አብዛኛውን ጊዜ አያየውም።

የከርነል ጸሐፊዎች ይህን ያውቃሉ። ሊኑክስ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በ64 ቢት የኢንቴልና የኤኤምዲ ማሽኖች ላይ ለፈርምዌሩ የተለየ የሜሞሪ ካርታ ሠርቶለታል። በዚያው ዓመት የወጣው የዩኢኤፍአይ ደረጃም የትኛው የሜሞሪ ክፍል እንደሚጻፍበት፣ የትኛው ኮድ እንደሚሠራበት የሚለይ ሠንጠረዥ ጨመረ። ጥሩ ነው። ግን ካርታው ቢለይም ሥልጣኑ ያው ነው። ሠንጠረዡን የሚያቀርበውም ፈርምዌሩ ራሱ ነው፤ ተፈታሹ የፍተሻውን ወረቀት ሞልቶ እንደሚመጣ ማለት ነው።

«እኛን ማን ይሰልላል?» የሚል አይጠፋም። እስቲ እናስታውስ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2014 የቶሮንቶው ሲትዝን ላብ ሃኪንግ ቲም የተባለው የጣሊያን ኩባንያ የስለላ ሶፍትዌር በኢሳት ጋዜጠኞች ላይ እንደተሞከረ ገለጠ። በ2015 የኩባንያው ሰነድ ሾልኮ ሲወጣ የእኛው ኢንሳ ከደንበኞቹ አንዱ ሆኖ ተገኘ። በዚያው ሰነድ ውስጥ ባዮስ ላይ የሚተከል ኮድም ነበር፤ ዲስክ ቢቀየር፣ ዊንዶውስ እንደገና ቢጫን፣ ሰላዩን መልሶ የሚያስገባ። እኛ ላይ ተተክሏል አላልኩም። ኮዱ ግን ዓለም ላይ ተበተነ። በ2020 ካስፐርስኪ ከዚያው ኮድ የተሠራ የፈርምዌር ተውሳክ አገኘ፤ የዘመቻው ዒላማዎች በአፍሪካ፣ በእስያና በአውሮፓ ያሉ ዲፕሎማቶችና መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች ሰዎች ነበሩ። የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫ የሆነች አገር ይህን «የሩቅ ወሬ» ልትለው አትችልም።

አማንም ሩቅ አይደለችም። የቡና ማኅበራት ሒሳብ፣ የታካሚ ካርድ፣ የተማሪ ውጤት እዚህም ኮምፒውተር ላይ ነው። ቡናችን ገበያ ሲወጣ ጆንያው አዲስ ነው ብሎ የሚያልፈው የለም፤ ናሙና ይወሰዳል፣ እርጥበቱ ይለካል፣ ተቀምሶ ደረጃ ይወጣለታል። የዚያ ሁሉ ቡና ሒሳብ የሚያርፍበትን ማሽን ግን በሻጩ ቃል ብቻ እንረከባለን።

አንድ እውነተኛ መከራከሪያ አለ፦ ባዮስ እየታደሰ መብራት ቢጠፋ ማሽኑ ድንጋይ ሊሆን ይችላል። ልክ ነው፤ የእኛን መብራት እናውቀዋለን። መልሱ ግን አለማደስ አይደለም። ላፕቶፕ ባትሪው ሞልቶ ቻርጀሩ ላይ ሆኖ ይታደሳል፤ ዴስክቶፕ ዩፒኤስ ላይ።

ስለዚህ የጨረታ ሰነድ የሚጽፉ ሰዎች ከራምና ከፕሮሰሰሩ ቀጥሎ ሁለት መስመር ይጨምሩ፦ አምራቹ ለዚህ ሞዴል የፈርምዌር ማደሻ አሁንም ያወጣል ወይ? ርክክቡ የሚፈጸመው ባዮሱ ከአምራቹ ድረ ገጽ በወጣ የመጨረሻ ዕትም ታድሶ፣ ሰኪዩር ቡት በርቶ፣ በይለፍ ቃል ተቆልፎ ነው ወይ? አምራቹ የተወው ማሽን ርካሽ ቢሆንም ለታካሚ መዝገብ አይገዛ። ሊኑክስ ላይ ረንታይም ሰርቪሱን የሚዘጋ ቅንብር አለ፤ ይረዳል፣ ግን ማሽኑ ሲነሳ ቀድሞ የገባውን አያስወጣም።

ይህ ሁሉ ለአንድ ማሽን ከግማሽ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እኛ ደግሞ የበሽታውን ቦታ እንኳ አይተን አናውቅም። መሥሪያ ቤታችሁ ግዢ ክፍል የሚሠራ ሰው ካለ ይህን ላኩለት። በሚቀጥለው ርክክብ «ፎርማት ተደርጓል» ሲባል አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፦ «ባዮሱስ?»