ከእርሳስ ጫፍ እስከ ክትባት ወሬ

ከኮቪድ ወዲህ በስልክ ከሚዞሩት ወሬዎች አንዱ «ክትባት ውስጥ ግራፊን አለ፤ ኤሌክትሪክ ሲያገኘው ሰውነት ውስጥ ይነሳል» የሚል ነው። እዚህ ነቀምቴም የልጅ ልጃቸውን ማስከተብ የፈሩ እናት ይህንኑ ጠይቀውኛል። ወሬው እውነተኛ የሳይንስ ቃል ስለተዋሰ ቢያስፈራ አይገርምም። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እንየው።

ልጆች የሚጽፉበት እርሳስ ስሙ እንጂ ውስጡ እርሳስ አይደለም፤ ግራፋይት የሚባል የካርቦን ዓይነት ነው። ግራፋይት እንደ እንጀራ የተደራረበ ነው። ከድርድሩ አንዷ ብቻ፣ ውፍረቷ የአንድ አቶም ያህል የሆነችው፣ ግራፊን ትባላለች። እ.ኤ.አ. በ2004 በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ አንድሬ ጋይምና ኮንስታንቲን ኖቮሴሎቭ በተራ ስኮች እየላጡ ለዩዋት፤ በ2010 የፊዚክስ ኖቤል ተሸለሙ።

ግራፊን ከሚያርፍባት ብርሃን 2.3 በመቶ ያህሉን ትውጣለች። ኤሌክትሪክ ይህን መጠን ይለውጠዋል። ብርሃንን እንደ ሚኒባስ ረዳት ቁጠሩት፤ ኤሌክትሮኑን ከታች አንስቶ ባዶ ወንበር ላይ ሲያስቀምጥ ጉልበቱ ያልቃል፤ ተዋጠ የምንለው ይህን ነው። በኤሌክትሪክ ኃይል ኤሌክትሮን ሲጨመርባት ግን ወንበሩ አስቀድሞ ይሞላል። ብርሃኑም የሚያስቀምጥበት ሲያጣ እንዳለ ያልፋል። ይህ በይበልጥ የሚታየው ኢንፍራሬድ በሚባለው፣ ዓይናችን በማያየው ብርሃን ላይ ነው። በ2011 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ተመራማሪዎች በዚህ መንገድ ለመገናኛ መስመር የሚሆን የብርሃን ማብሪያና ማጥፊያ ሠርተው አሳይተዋል።

ልብ በሉ፤ ይህ የሚሆነው ግራፊኗ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ተነጥፋ፣ ሽቦ ተቀጥሎላት፣ ቮልቴጅ ሲሰጣት ነው። ለውጡም ብርሃን ማሳለፍና መዋጥ እንጂ ሌላ ተአምር አይደለም። በሕፃን ክንድ ውስጥ ሽቦም ባትሪም የለም። የኮቪድም ሆነ የኩፍኝ ክትባት የይዘት ዝርዝር ላይ ደግሞ ግራፊን የሚባል የለም።

ኩፍኝ ግን አለ። የሳንባ ምች ያስከትላል፣ ዓይን ያጠፋል፣ ሕፃን ይገድላል። ክትባቱ በአገራችን በ9 ወርና በ15 ወር ይሰጣል። በተለይ ሁለተኛው እንዳይረሳ። ዛሬ ማታ የልጁን የክትባት ካርድ አውጡና ቀኑን እዩ፤ ካለፈም ጤና ጣቢያ ውሰዱት። የሚያሰጋችሁን ወሬም እዚያው ላለችው ነርስ ንገሯት፤ መጠየቅ ነውር አይደለም።