በጎ ፈቃድ ሌላ፣ ተጨማሪ ሥራ ሌላ

ብዙ ጊዜ የናንተን ታሪክ አንብቤ ነው የማልፈው። ዛሬ ግን የውስጤን ልጻፍ፣ እስከ መጨረሻው አንብቡኝ።

እዚህ ቤይሩት ስሠራ ስድስተኛ ዓመቴ ነው። የማሳድጋቸው ልጆች ሁለት ናቸው፤ ወንዱ ሰባት፣ ሴቷ አምስት ዓመቷ። ከጥቂት ወራት በፊት አንድ እሁድ ማዳም "ዛሬ ከትምህርት ቤቱ እናቶች ጋር ሆርሽ ቤይሩት ሄደን ፓርኩን እናጸዳለን፣ ችግኝ እናጠጣለን። በጎ ሥራ ስለሆነ አንቺም ትመጫለሽ" አለችኝ። እሁድ የእኔ እረፍት ናት። ቤተ ክርስቲያን ልሄድ፣ ከዚያ ደሴ እናቴ ጋር ያለችውን ልጄን በኢሞ ላወራት ነበር ያሰብኩት። ምን ይደረግ፣ ሄድኩ።

ሆርሽን ለማታውቁት፣ የጥድ ደን ነው፤ ከተማው ውስጥ ካሉት አረንጓዴ ቦታዎች ትልቁ። በፈረንጆቹ 1982 በጦርነቱ በቦምብ ተቃጥሎ እንደገና የተተከለ ነው። ለብዙ ዓመት ለሕዝብ ተዘግቶ ቆይቶ በ2016 ተከፈተ። እንዲህ ያለ ቦታ ልጆች ቢንከባከቡት ማን ይጠላል?

ለልጆቹ ጓንትና ፌስታል ታደለ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ግን ጓንቱ ሁሉ እኛ እጅ ገባ፤ እኔ፣ ሁለት ሀበሾችና አንዲት ፊሊፒናዊት። ልጆቹ ይሯሯጣሉ፣ እናቶቹ ፎቶ ያነሳሉ። የማሳድገው ልጅ የጠጣበትን የጁስ ካርቶን መሬት ጣለ። "አንሳው" ስለው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "አንቺ ታነሺዋለሽ።" በክፋት አይደለም እኮ! ነፍስ ካወቀ ጀምሮ ያየው ይሄንኑ ነው።

ያኔ ነው የገባኝ። ልጁን ፓርክ ወስደን እኛ ካጸዳንለት፣ የሚማረው ቆሻሻውን የሚያነሳለት ሌላ ሰው እንዳለ ነው። ስለዚህ ጓንቱን መልሼ እጁ ላይ አጠለቅኩለት። "ዛሬ የዛፉ ሠራተኛ አንተ ነህ" አልኩት። አባቴ ገበሬ ነው፤ እሱ እኔን እንዳሳየኝ አሳየሁት። በችግኙ ዙሪያ አፈሩን እንደ ሳህን ጎድጎድ ማድረግ፣ ውሃውን ቅጠሉ ላይ ሳይሆን ሥሩ ላይ ቀስ አድርጎ ማፍሰስ፣ እርጥበቱ ቶሎ እንዳይሄድ የረገፈ ቅጠል ማልበስ። ለትንሿ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ይበቃታል። የጠርሙስ ስባሪና ስለት ያለውን ትልቅ ሰው ያንሳ፤ ሌላው በልጅ አቅም ይሠራል።

ቤት ስንመለስ ያው ካልሲውን ወለል ላይ ወረወረው። በአንድ ቀን ሰው አይቀየርም። ግን በሳምንቱ "ዛፌ ጠምቶት ይሆን?" ብሎ ጠየቀኝ።

እህቶቼ፣ ልጆችን ይዞ ዛፍ መንከባከብ ጥሩ ነው፣ እወደዋለሁም። ግን በጎ ፈቃድ ማለት ስሙም እንደሚለው በፈቃድ ነው። ባለችኝ አንድ እረፍት ታዝዤ ከሄድኩ ተጨማሪ ሥራ ነው። ሊባኖስ ውስጥ ከ2009 ጀምሮ ያለው መደበኛ ኮንትራት በሳምንት ያልተቆራረጠ 24 ሰዓት እረፍት ይሰጠናል። ማዳምን "በደስታ እመጣለሁ፣ ግን በምትኩ ሌላ ቀን ስጪኝ" አልኳት። ፊቷ ጠቆረ፣ ሁለት ቀን አኮረፈችኝ። በኋላ ግን ቅዳሜን ሰጠችኝ። በር ተቆልፎባት እንዲህ ማለት የማትችል እህት ብዙ እንደሆነች አውቃለሁ፣ በማንም አልፈርድም። የምትችሉ ግን ጠይቁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ልጄ ክረምት ላይ በአረንጓዴ አሻራ ከትምህርት ቤቷ ጋር ችግኝ ተክላ ነበር። ዝናቡ ሲያቆም "እማ፣ ደረቀብኝ" አለችኝ። "ማን ያጠጣው ነበር?" ስላት ዝም። ለማዳም ልጅ በእጄ ያሳየሁትን ለራሴ ልጅ በስልክ አሳየኋት። እናቴ ስልኩን ይዛላት አዲስ ችግኝ ዙሪያ አፈሩን ስትጎደጉድ ሳይ፣ ምን ልበላችሁ፣ ደስታና እንባ ተቀላቀለብኝ።

መትከል የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ልጅን የሚያስተምረው ግን በየሳምንቱ ማጠጣቱ ነው። ሀገር ቤት ልጅ ያላችሁ እስኪ ዛሬ ደውላችሁ "ችግኝህ እንዴት ነው?" በሉ። የናንተንም ሃሳብ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ። ሁላችንንም በሰላም ለሀገራችን ያብቃን።

እህታችሁ ከቤይሩት