አሉባልታ የሚበቅለው በፈራ ልቦና ነው

ሰው መከራ ሲደርስበት፣ ከመከራው ባልተናነሰ ሁኔታ የመከራውን ምክንያት ማጣት ያስጨንቀዋል። በዚህም የተነሣ በአጋጣሚ የሆነውን ነገር ሁሉ ከገደ ቢስ ቀን ወይም ከስውር እጅ ጋር ማያያዝ ይቀናዋል። ይህን ጠባይ የመሃይምነት ውጤት ብቻ አድርገው የሚያልፉት ብዙዎች ናቸው። እኛ ግን ሥሩ ከዚያ የጠለቀ ነው እንላለን።

«እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይባላል። ልጡን እባብ መስሎት የሸሸ ሰው የሚከስረው ጥቂት ነው፤ እባቡን ልጥ መስሎት የረገጠ ግን ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ አእምሯችን በሌለበትም ቦታ አደጋን ወደ ማየት ያደላል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የትሮብሪያንድ ደሴቶችን ሕዝብ ያጠናው ብሮኒስላቭ ማሊኖቭስኪ እንደ መሰከረው፣ ዓሣ አጥማጆቹ ጸጥ ባለው የባሕር ወሽመጥ ሲሠሩ አስማት አይሹም ነበር። አደጋ ወዳለበት ሰፊ ባሕር ሲወጡ ግን ያለ አስማት ሥርዓት አይንቀሳቀሱም። ሰዎቹ እነዚያው ናቸው፤ የተለወጠው ፍርሃታቸው ነው።

የሠለጠነ ከተማም ከዚህ አያመልጥም። እ.ኤ.አ. በ1944 ለንደን አብራሪ በሌላቸው የጀርመን በራሪ ቦምቦች ስትደበደብ፣ ቦምቦቹ በአንዳንድ ሰፈሮች ላይ ተለይተው ይወድቃሉ የሚል ወሬ ነበር። አር. ዲ. ክላርክ የተባለው የመድን ሥራ ስሌት ባለሙያ ወሬውን በቁጥር መረመረው። 144 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሆነውን የደቡብ ለንደን ክፍል በ576 እኩል ካሬዎች ከፍሎ የወደቁትን 537 ቦምቦች ቆጠረ፤ ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ1946 አሳተመ። አንድም ቦምብ ያልወደቀባቸው 229 ካሬዎች ነበሩ፤ በአጋጣሚ ብቻ ቢሆን የሚጠበቀው 227 ያህል ነው። አራት አራት የወደቀባቸው 7 ነበሩ፤ የሚጠበቀውም 7 ያህል ነው። አንዱን ሰፈር ከሌላው የለየ እጅ አልነበረም።

ክላርክ የተመታውን ብቻ ሳይሆን ያልተመታውንም መቁጠሩን ልብ ይሏል። አሉባልታ ግን የደረሰውን ብቻ ይቆጥራል፤ ሳይደርስ የቀረውን ይረሳል። «ያኛው ሰፈር ለምን ተረፈ?» የሚለው ጥያቄም ውሎ አድሮ «በዚያ ሰፈር ማን አለ?» ወደሚል ይለወጣል። ውሃ በተቋረጠ፣ እህል በተወደደ ቁጥር ስውር እጅ የሚፈልግ ዓይን በመጨረሻ የሚያርፈው በጎረቤት ላይ ነው። ወታደርና የከተማ ነዋሪ በአንድ ገበያ በሚገበዩበት፣ በአንድ መንገድ በሚመላለሱበት ስፍራ ደግሞ እንዲህ ያለው ጥርጣሬ የሚያስከፍለው ዋጋ ከባድ ነው።

ይሁን እንጂ ሰሚውን ብቻ መውቀስ ፍርድ አይሆንም። ባለሥልጣን ዝም ባለበት ቦታ አሉባልታ ይናገራል። የሆነውን በጊዜው፣ መራራም ቢሆን ሳይሸራረፍ መንገር የአስታዋቂ ክፍል ሁሉ ግዴታ ነው። «ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት» የተባለው ደግሞ ለሰሚው ነው። የሚጨመረውም ሐሳብ ከባድ አይደለም፦ ይህ ነገር ስንት ጊዜ ሆነ? ስንት ጊዜስ ሳይሆን ቀረ?