ልዩ ቦታው፣ ሰፈራችን

የፖሊስ መግለጫ አንብባችሁ ታውቃላችሁ? ማለቴ እስከ መጨረሻው። ቅርጹ እንደ ቅዳሴ የታወቀ ነው። "ወንጀሉ የተፈጸመው በእንትን ክፍለ ከተማ፣ ወረዳ ይህን ያህል፣ ልዩ ቦታው እንትን ተብሎ በሚጠራው አካባቢ ነው" ብሎ ይጀምራል። ከዚያ ተጠርጣሪው እጅ ከፍንጅ ይያዛል፣ ኤግዚቢቱ ይዘረዘራል፣ ምርመራው ተጠናክሮ ይቀጥላል። መዝጊያውም ሁሌ አንድ ነው፤ ህብረተሰቡ ራሱን ከመሰል ወንጀሎች እንዲጠብቅና አጠራጣሪ ነገር ሲያይ ጥቆማ እንዲሰጥ ጥሪ ይቀርብለታል።

እኔ ከዚህ ሁሉ የምወደው "ልዩ ቦታው" የምትለዋን ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ያለ ሰፈር ሁሉ ልዩ የሚሆነው ሌባ ሲያዝበት ብቻ ነው። ሌባው ካልተያዘ ሰፈሩ ተራ ሰፈር ሆኖ ይቀራል፤ ተዘርፎም ቢሆን።

እናም ቅሬታዬ እዚህ ጋ ይጀምራል። የከተማዋን ፖሊስ የፌስቡክ ገጽ ስከፍት ቃሊቲ ላይ ስንት ኩንታል ምን እንደተያዘ አውቃለሁ። መርካቶ ውስጥ ሐሰተኛ ብር ይዞ የተገኘው ሰውዬ ስንት ባለመቶ እንደነበረው አውቃለሁ። ከምኖርበት ብሎክ ጀርባ ባለችው መብራት በሌላት ቅያስ ላይ ባለፈው ወር ስንት ሰው ስልኩን እንደተነጠቀ ግን አላውቅም። ማታ ከሥራ ስመለስ የማልፈው ደግሞ በቃሊቲ ሳይሆን በቅያሷ ነው።

ነገሩ የአንድ ጣቢያ ስንፍና ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባላደከምኳችሁ። ሥሩ የቆየ ነው። በድሮው ጊዜ ንብረት ተሰርቆ ወይም ሰው ተገድሎ አድራጊው ሲጠፋ አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ ይጠራ ነበር። አገሬው አንድ ቦታ ይሰበሰባል፣ የሚያውቀውን በየተራ ያወጣል፣ ወንጀለኛው ካልታወቀም ካሳውን አዋጥቶ ይከፍላል። በ1967 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 47 ቀበሌ መጣ፤ ሲመጣ የከተማ ቤት የሚያከራይና ጥቃቅን ክርክር የሚዳኝ የነዋሪዎች ማኅበር ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ግን ማን ማን ቤት እንዳደረ የሚጠይቅ ሆነ፤ የቀይ ሽብርን ዘመን ያዩ ወላጆች ያሏችሁ ቀሪውን ከእኔ በላይ ሰምታችኋል። ቀጥሎ በኢሕአዴግ ጊዜ አንድ ለአምስት መጣ። አሁን ደግሞ ጥቆማ አለ፣ የሰላም ሠራዊት አለ፣ 991 የሚባል ነጻ የስልክ መስመር አለ። 991ን እኛ እንደውልበታለን። እሱ ወደ እኛ አይደውልም።

ልብ ካላችሁ ዘመኑና ስሙ ይለዋወጣል እንጂ የመረጃው መንገድ ያው ነው፤ ከታች ወደ ላይ። ሰፈር ይናገራል፣ መንግሥት ይሰማል። መንግሥት ተናግሮ ሰፈር የሰማበት ጊዜ ካለ፣ ወይ የስብሰባ ጥሪ ነው ወይ መዋጮ። ኮሚኒቲ ፖሊሲንግ የሚባለው ሐሳብ እዚህ አገር ሲገባ በወረቀት ላይ የተጻፈው ሌላ ነበር፤ ፖሊስና ነዋሪ ተቀምጠው የሰፈሩን ችግር አብረው ይለያሉ፣ አብረው ይፈታሉ ይላል። ለመለየት ደግሞ ሁለቱም ማወቅ አለባቸው። አንዱ መዝገቡን ታቅፎ፣ ሌላው ወሬ ይዞ ምኑን አብረው ይለዩታል?

ከተማችን ወሬ ማድረስ አቅቷት አይደለም። አንድ ሰው ሌሊት ቢያርፍ ጎሕ ሳይቀድ ሰፈሩ ሰምቷል። የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ይዞራል፤ ዛሬ ዛሬ ደግሞ በስልክ መልእክት ይመጣል፣ የቀብሩ ሰዓትና ቤተክርስቲያኑ ሳይቀር። ድንኳኑ እስኪተከል ድረስ ያላወቀ ሰው ቢኖር ራሱ ያፍራል። የተዘረፈ ሰው ግን ጥሩምባ የለውም። ለብቻው ጣቢያ ይሄዳል፣ ለብቻው "የስልኩን ካርቶን አምጣ" ይባላል፣ ለብቻው ተናዶ ይመለሳል። በማግስቱ እዚያው ቦታ ላይ፣ በዚያው ሰዓት፣ ሌላው ይዘረፋል።

ባለፈው ክረምት በእኛ ኮንዶሚኒየም አንድ ቤት ተሰበረ። አንድ። በሳምንቱ ጀበና ቡና ላይ ሦስት ሆኖ ሰማሁት። "ኧረ አምስት ነው ልጄ" አሉኝ አንዲት የብሎካችን እናት፣ "ደሞ ማደንዘዣ በቁልፍ ቀዳዳ እየነፉ ነው የሚገቡት።" ቀጥሎ በር ላይ በኖራ ምልክት ያደርጋሉ ተባለ። ልጆች በየደረጃው የበር ምልክት ፍለጋ ወጡ (አገኙም፤ ቁጥር ቆጣሪ አንባቢው የጻፈውን)። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጆንያውን ተሸክሞ "ቆራሌው" እያለ የሚዞር ልጅ ግቢ ውስጥ ታየ። ዕድሜው አሥራ ስድስት ቢሆን ነው። "ይሄ ነው የሚያጠናልን" አለ አንዱ። ሌላው ሸሚዙን ያዘው። ጥበቃዎቹ ደርሰው ባያላቅቁት ኖሮ ዛሬ ይህን የምጽፈው በሌላ ርዕስ ይሆን ነበር። ጆንያው ውስጥ ሁለት የተቀደደ ጀሪካንና አንድ የተቃጠለ ምጣድ ነበር።

አሁን የሚያናድደውን ልንገራችሁ። ልጁ በተያዘበት ቀን ቤቱን የሰበሩት ሰዎች ከታሰሩ ሁለት ሳምንት ሆኗቸው ነበር። ባለቤቱ ቴሌቪዥኑን እንዲለይ ተጠርቶ ሄዶ ለይቷል፤ "ምርመራው እስኪያልቅ ለማንም እንዳታወራ" ተብሎ አፉን ዘግቶ ተቀምጧል። ጣቢያው ያውቃል። ዓቃቤ ሕጉ ያውቃል። ሸሚዝ የያዘው ሰውዬ አያውቅም። ምርመራውን በማይነካ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ "የእገሌ ብሎኩ ስርቆት ተጠርጣሪዎች ተይዘዋል፣ ሌላ ሪፖርት የተደረገ ስርቆት የለም" ቢባል፣ ማደንዘዣውም ኖራውም እዚያው ይሞቱ ነበር።

ይህን የሰፈር ጨዋታ አድርጋችሁ እንዳታልፉት። ነሐሴ 2010 ዓ.ም ሻሸመኔ ላይ አንድ ሰው ቦምብ ይዟል በተባለ ወሬ ብዙ ሕዝብ ፊት ተገድሏል። ከሁለት ወር በኋላ፣ ጥቅምት 2011 ዓ.ም፣ ምዕራብ ጎጃም አዲስ ዓለም ላይ ለጥናት የሄዱ ሁለት ተመራማሪዎች ሕጻናትን እየመረዙ ነው በሚል ወሬ ሕይወታቸውን አጥተዋል። እነዚያን የገደሏቸው ሰዎች ከእኛ የተለዩ ፍጡሮች አልነበሩም። የሚያምኑት ሰው የነገራቸው ነገር አልነበረም፤ የነገራቸው ጎረቤት ነው።

እንግዲህ አንዳንዱ "ፖሊስ ሪፖርት ያወጣል እኮ" ሊለኝ ነው። ያወጣል። "ወንጀል ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወቅት ጋር ሲነጻጸር በዚህ ያህል በመቶ ቀንሷል።" የምን ስንት? የት? ስፖኪዮ ስርቆትና ግድያ አንድ ላይ ተደምረው ነው? በዚያ ላይ የመዝገብ ቁጥር የሚቀንስበት መንገድ ሁለት ነው፤ ወንጀሉ ሲቀንስ፣ ወይም ሰው ጣቢያ መሄድ ሲታክተው። ሶማሌ ተራ ሄዶ የራሱን ስፖኪዮ መልሶ የገዛው ሰውዬ ቀልድ የሚያስቀን እኮ ሰውዬው ጣቢያ ለመሄድ አስቦም ስለማያውቅ ነው።

እዚህ ላይ ለፖሊስም ልቆርቆርለት። የአንድ ጣቢያ አዛዥ የሚገመገመው ቁጥሩ በመውረዱ ከሆነ፣ ለሰፈሩ መረጃ መስጠት ለእሱ ራስን መክሰስ ነው። ሰው ሲነገረው ይነቃል፣ ሲነቃ ያመለክታል፣ ሲያመለክት ቁጥሩ ይወጣል። ጎበዙ አዛዥ ሰነፍ መስሎ ይታያል። ይህ የእኛ ብቻ በሽታ አይደለም። እንግሊዝ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማንም ዜጋ የሰፈሩን ወንጀል በካርታ የሚያይበት ድረ ገጽ አላት፤ የተጎጂው ቤት እንዳይታወቅ ነጥቡ በትክክለኛው ቤት ላይ ሳይሆን በአቅራቢያው ወዳለ ቦታ ተጠግቶ ነው የሚቀመጠው። በ2014 እ.ኤ.አ. ግን የአገሪቱ የስታትስቲክስ ባለሥልጣን የፖሊስ መዝገብ አያስተማምንም ብሎ ከብሔራዊ ስታትስቲክስ ደረጃ አወረደው። ካርታ የፈጠሩትም አሃዙን ያሻሻሉበት ጊዜ አለ ማለት ነው። ልዩነቱ፣ እዚያ አሃዙ ተነጥፎ ስለነበር የሚመረምረው ሰው ተገኘ።

እኔ ካርታ አልጠየቅኩም። አፕሊኬሽንም ይቅርብኝ። ቶኪዮ ውስጥ ኮባን የሚባሉ ትናንሽ የፖሊስ ቤቶች አሉ (የእኛን የቆርቆሮ ኬላ አጽድታችሁ፣ ቀለም ቀብታችሁ አስቡት)። በራቸው ላይ ትናንት በከተማዋ በመኪና አደጋ ስንት ሰው እንደሞተና እንደተጎዳ የሚጻፍበት ሰሌዳ ይቆማል። አንዳንዶቹ ለአካባቢያቸው ነዋሪ የራሳቸውን ትንሽ ጋዜጣ አዘጋጅተው ያድላሉ። ቺካጎ ደግሞ ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባመጣችው አሠራር፣ አንድን ሰፈር የሚዘዋወሩት ፖሊሶችና ነዋሪዎቹ በየጊዜው ተቀምጠው ስለዚያ ሰፈር ብቻ ይነጋገሩ ነበር። እኛም ብንሆን ከንጉሡ ዘመን የጀመረ "ፖሊስና እርምጃው" የሚባል ጋዜጣ ያነበብን ሕዝብ ነን። የወንጀል ዜና የማንበብ ፍላጎት ጎድሎን አያውቅም።

የምለው ግማሽ ገጽ ወረቀት ነው፣ በወር አንዴ። በዚህ ወረዳ፣ በእነዚህ መንገዶች ላይ፣ ይህን ያህል ነጠቃ፣ ይህን ያህል የቤት ስርቆት፣ አብዛኛው ከምሽቱ ሁለት እስከ አራት ሰዓት። ይህን ያህሉ ፍርድ ቤት ደርሷል፣ ይህን ያህሉ ተዘግቷል፣ የተዘጋው በዚህ ምክንያት ነው። የሰፈሩ ኃላፊ ፖሊስ ማዕረግና ስልክ ይህ ነው። በቃ። ምክር አያስፈልገውም፤ "ቦርሳችሁን ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙ" የሚለውን እናታችን ነግራናለች።

ፎቶም አያስፈልገውም። ፖሊስ ለሕዝብ መረጃ ሰጠሁ ሲል የሚቀናው የተያዘ ሰው አሰልፎ ማሳየት ነው፤ ፊት ለፊቱ ሞባይሎች ተደርድረው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ጥፋተኝነቱ እስኪረጋገጥ እንደ ንጹሕ መቆጠር አለበት ይላል። ጎረቤቱ ግን ፍርዱን የሰጠው ፎቶውን ያየ ዕለት ነው፤ በነጻ ሲለቀቅ ደግሞ ሌላ ፎቶ አይለጠፍለትም። ሰፈር የሚፈልገው ምን፣ የት፣ መቼ እንደሆነ ነው። ማን የሚለው የዳኛ ሥራ ነው።

"ማን" የሚለውን ማወቅ ያለበት አንድ ሰው አለ፤ የተያዘው ልጅ እናት። መስከረም 2011 ዓ.ም ከዚህ ከተማ ከአንድ ሺህ በላይ ወጣቶች ታፍሰው ጦላይ ወደሚገኘው ወታደራዊ ማሠልጠኛ ተወስደዋል፤ የተለቀቁት ጥቅምት ላይ ነው። በሕጉ የተያዘ ሰው ምክንያቱ ወዲያው ሊነገረው፣ በ48 ሰዓት ውስጥም ፍርድ ቤት ሊቀርብ ይገባል፤ ከቤተሰቡ የመገናኘት መብትም አለው። ልጇን ፍለጋ ከጣቢያ ጣቢያ ለምትዞር እናት፣ ከዚያ በኋላ ስለ ጥቆማ አስፈላጊነት ስብሰባ ብትጠሯት ምን ትላለች? አትመጣም። ብትመጣም ስለ ውሃ ነው የምታወራው።

ሰው ይደናገጣል የሚለውን ክርክር ብዙም አልቆይበትም፤ ማደንዘዣ በቁልፍ ቀዳዳ ከሚለው በላይ የሚያስደነግጥ አሃዝ ያለው ጣቢያ ካለ ያሳየኝ። ሌባው ይማርበታል የሚሉም አሉ። ሌባው የት እንደሰረቀ ያውቃል፤ የማናውቀው እኛ ነን። ከበድ የሚለኝ የሰፈር ስም መጥፋቱ ነው፤ ወረቀቱ የአንድን ሰፈር ልጆች ሁሉ በአንድ ዓይን እንዲታዩ ሊያደርግ፣ ሥራ ፍለጋ ሲሄዱ አድራሻቸው ሊያስፈራ ይችላል። አንዳንዱ ሰፈር ግን ይህ ስም ያለ ወረቀትም ተለጥፎበታል፤ አሃዙ ወጥቶ ባይከስሰው ይልቅ ሊያጠራው ይችል ይሆናል።

ሕጉም ቢሆን አለ። አዋጅ ቁጥር 590/2000 (የሚዲያው ክፍል በ2013 ዓ.ም በሌላ አዋጅ ቢተካም የመረጃ ነጻነቱ ክፍል ቀርቷል) ማንም ሰው ከመንግሥት አካል መረጃ የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል፤ መሥሪያ ቤቶችም ሳይጠየቁ የሚያሳትሙት መረጃ እንዲኖር ያዝዛል። ምርመራ የሚያሰናክለውን ፖሊስ ሊከለክል ይችላል። በወር የስንት ሰው ስልክ እንደተነጠቀ መናገር ግን የትኛውን ምርመራ እንደሚያሰናክል የሚያስረዳኝ መርማሪ ካለ ቡና እጋብዘዋለሁ።

በእኛ ብሎክ መግቢያ ላይ የውሃ ፈረቃና የለቅሶ ማስታወቂያ የሚለጠፍበት ባለመስታወት ሰሌዳ አለ። ግማሹ ባዶ ነው። ቁልፉ ኮሚቴው ጋ ነው፤ ጠይቄ ፈቅደዋል። የሚቀጥለው የሰላምና ጸጥታ ስብሰባ ላይ፣ አቋም መግለጫው ከመነበቡ በፊት "ሌላ ጉዳይ" ሲባል እጄን አወጣለሁ። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ "ሳጅን፣ ባለፈው ወር እዚህ ቅያስ ላይ ስንት?"