የእናት ማድ ቤት ሲታደስ

ኅዳር አልፎ ታኅሣሥ ሲገባ፥ ከሚኤሶ ቆላ አንሥቶ ዛሬ ጭሮ እስከምትባለው እስከ አሰበ ተፈሪ፥ ከዚያም እስከ ሒርና ባለው መንገድ ዳር ተዘግተው የከረሙ ክፍሎች ይከፈታሉ። በአዲስ አበባ፥ በአዳማና በድሬ ዳዋ ኑሯቸውን የመሠረቱ ልጆች ታኅሣሥ 19 ቀን ለሚከበረው ለቁልቢ ገብርኤል በዓል ሲጓዙ በአባታቸው ቤት ያድራሉ፤ ብዙዎቹም እስከ ልደት ይሰነብታሉ። ታዲያ ከከተማ የመጣው ልጅ ሻንጣውን አሳርፎ ወደ ጓሮ ሲዞር፥ ዐይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው በጥላሸት በጠቆረው ማድ ቤት ላይ ነው። «በሚመጣው ዓመት ይህን አፍርሰን በዘመናዊ እንሠራዋለን» የሚለው ቃል የሚወጣውም በዚያ ሰዓት ነው።

አሳቡ መልካም ነው። ይሁን እንጂ ዶማ ከማንሣት በፊት ሊታሰብ የሚገባው ነገር አለ፤ ይኸውም ልጁ በዚያ ማድ ቤት በዓመት ዐሥራ አምስት ቀን የሚበላበት ሲሆን፥ እናቱ ግን የቀረውን 350 ቀን የሚሠሩበት መሆኑ ነው። በአንድ ቤት ያየነውን እንናገር። ልጆቹ እናታቸውን ለሕክምና ወደ አዲስ አበባ ወስደው፥ እርሳቸው በሌሉበት የጭቃውን ቤት አፈረሱ፤ ግድግዳውን በነጭ ሴራሚክ ለበጡ፤ ከወገብ በላይ የሚደርስ የድንጋይ ጠረጴዛም አቆሙ። ክፉ አስበው አይደለም፤ ደስ ሊያሰኟቸው ብለው ነው። እናትየውም መርቀው ተቀበሉ። ከወር በኋላ ስንሄድ ግን ያገኘናቸው በጓሮው ዋንዛ ጥላ ሥር ሦስት ጉልቻ ጎልተው፥ በርጩማ ላይ ተቀምጠው እንጀራ ሲጋግሩ ነው። የአዲሱ ማድ ቤት ጠረጴዛ ቆሞ ለሚሠራ ሰው የተለካ ነው፤ እርሳቸው ደግሞ ዕድሜያቸውን በሙሉ ተቀምጠው የሠሩ ናቸው። ለምጣዱ ስፍራ አልተተወለትም፤ ነጩ ሴራሚክም እንዳይጠቁር ፈሩ። በዚያ ያማረ ቤት ውስጥ የሚፈላው ለእንግዳ የሚቀርብ ሻይ ብቻ ሆኖ ቀረ።

ስለዚህ እድሳቱ የሚጀመረው አጠገባቸው ተቀምጦ «እማዬ፥ ይህ ማድ ቤት ምኑ ያስቸግርዎታል?» ብሎ በመጠየቅ ነው። ብዙ ጊዜ የሚሰጡት መልስም ስለ ቀለም ወይም ስለ ጠረጴዛ አይደለም፤ ስለ ጭሱ ነው። ቀለሙን ከጭሱ ማስቀደም የታመመ ዐይን እንደ መኳል ይቈጠራል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው፥ በ2020 እ.ኤ.አ. በቤት ውስጥ በሚነድ እሳት ጭስ ጠንቅ በዓለም 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል፤ ከእነዚህም 237,000 የሚበልጡት አምስት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ናቸው። እናት ሕፃኗን አዝላ ምድጃ ሥር የምትውልበትን አገር ለሚያውቅ ሰው ይህ ቍጥር የሩቅ ወሬ አይመስለውም። ጭሱ ሳንባን ያቈስላል፤ ዐይንንም በሞራ ይጋርዳል። አባቶቻችን «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይላሉ። እውነት ነው፥ አያጣፍጥም፤ ነገር ግን ወጥ የምትሠራዋን ሴት ዐይን ያድናል።

ከ1980ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ በአገራችን የተስፋፋው፥ ከሲሚንቶና ከአሸዋ ተሠርቶ እየተገጣጠመ የሚቆመው የእንጀራ ምድጃ፥ እሳቱን ዙሪያውን ስለሚከልለው ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እንጨቱን እስከ ግማሽ ይቈጥባል። እናት በለመዱት ዓይነት ተቀምጠው ይጋግሩበታል፤ ምጣዳቸውንም አይለውጥባቸውም። ከጀርባው የቆርቆሮ ጭስ ማውጫ ቢቆምለት፥ ጫፉ ከጣራው ጕልላት በላይ ይለፍ፤ ዝቅ ካለ ነፋሱ ጭሱን መልሶ ወደ ቤት ይነፋዋል። ቧንቧው በጣራ በሚያልፍበት ስፍራም እንጨት እንዳይነካው መጠንቀቅ ያሻል። ከበሩ ፊት ለፊት አንድ መስኮት ቢከፈት፥ ከብዙ ብር ዕቃ ይልቅ ይጠቅማል።

በዚህ ላይ ሰዎች የሚዘነጉት ነገር አለ። የድሮው ጭስ ጥቅምም ነበረው፤ ጣራውን ከነቀዝ ይጠብቅ፥ ከምድጃው በላይ የተሰቀለውንም የማሽላና የበቆሎ ዘር ተባይ እንዳይበላው ያደርግ ነበር። ጭሱ ከወጣ በኋላ የጣራው እንጨት የነቀዝ መድኀኒት መቀባት፥ ዘሩም ሌላ ደረቅ ስፍራ ማግኘት አለበት።

የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚያስገቡም አሉ፤ መልካም አደረጉ። ነገር ግን እንዲህ ያለው ምጣድ እስከ 3,500 ዋት፥ ማለትም ወደ 16 አምፔር የሚጠጋ ኀይል ስለሚስብ፥ ለመብራት በተዘረጋው ቀጭን ሽቦ ላይ መቀጠል ቤት ማቃጠል ነው። የራሱ ወፍራም ሽቦና የራሱ ማቋረጫ ይኑረው። መብራት በሚጠፋበት ቀን እንዳይቸገሩም የእንጨቱ ምድጃ በስፍራው ይቆይ።

አሁን ወደ ቀለሙ እንምጣ፤ ልጆችም ከሁሉ አስቀድመው የሚጓጉለት እርሱ ነውና። በጭቃ ግድግዳ ላይ የዘይት ቀለም አትቀቡ። ጭቃ እርጥበት ያስገባል፥ ያስወጣልም፤ የዘይት ቀለም ግን መውጫውን ይዘጋበትና በሁለተኛው ክረምት ቅርፊት ሆኖ ይረግፋል። ለጭቃ ቤት የሚስማማው ኖራ ነው። ኖራውም ብቻውን ነጭ ሆኖ መቅረት የለበትም። በጨርጨር ተራሮች ጥግ የሚገኘውን ቀይ ዐፈር አድርቆ፥ አልሞ፥ በወንፊት ነፍቶ ከኖራው ጋር ሲያዋሕዱት ለስለስ ያለ የሸክላ መልክ ይሰጣል፤ ቢጫ ዐፈር የተገኘ እንደ ሆነም የማር መልክ ያወጣል። ጥቂት ጨው ቢጨመርበት በቶሎ አይለቅም። ኖራ ሲደርቅ መልኩ ይሳሳል፤ ስለዚህ አንድ ክንድ ያህል ስፍራ ቀብቶ አሳድሮ ማየት ይገባል። ያልበረደ ኖራ ውሃ ሲነካው እንደሚፈላና ዐይን እንደሚያጠፋ ታውቆም ሕፃናት አይቅረቡት።

እኛስ የምንወደው እንዲህ ያለውን ነው፤ ከወለሉ እስከ ወገብ ድረስ የጠቆረ ቀይ፥ ከዚያ በላይ የማር መልክ፥ ጣራው ሥር ደግሞ ብርሃን እንዲመልስ ነጭ። ታችኛው ቀይ የወጥ ፍንጣቂና የእጅ አሻራ አያጋልጥም። ይህ ለአሰበ ተፈሪ፥ ለሒርናና ሌሊቱ ለሚበርዳቸው ደጋዎች ይስማማል፤ ለሚኤሶ ሙቀት ግን ነጩ ይብዛ፥ መስኮቱም ይስፋ። በሐረር ጀጎል ያሉትን የጥንት ቤቶች ያየ ሰው መደቡና ወለሉ በቀይ ዐፈር እንደሚቀባ ያስታውሳል፤ ይህም በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት የወደቁትን ለማሰብ እንደ ሆነ ይነገራል። በእነዚያ ቤቶች ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የስፌት ዕቃም ለዐይን ያምራል፤ እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ወርዶ ይቀርብበታል።

የአሮጌ ዕቃ ነገርም በዚሁ መንገድ ሊታይ ይገባዋል። በከተማ አንዳንድ ምግብ ቤቶች እንስራ ገልብጠው መብራት ያንጠለጥሉበታል፤ ሙቀጫውንም የአበባ ማስቀመጫ ያደርጉታል። በእናት ቤት እንዲህ ያለው ቀልድ አይስማማም። ውሃ የሚይዘው እንስራ ውሃ ይያዝ፤ ያልተሰነጠቀው ጋን ለጠላ ይቀመጥ፤ የሙቀጫውና የዘነዘናው ድምፅ ከማድ ቤቱ አይጥፋ። የተሰነጠቀው ግን፥ ብዙ ዘመን ያገለገለ ቢሆንም፥ ስፍራ እንዳያጣብብ ይውጣ፤ የትኛው እንደሚወጣ የሚወስኑትም እናት ናቸው። በባቡር መንገድ በድሬ ዳዋ በኩል የገባው የጥንት የብረት ድስት ዝገቱ ተፍቆ ዘይት ቢቀባ ከዛሬው ስስ አሉሚኒየም ብዙ ዕድሜ አለው። መደርደሪያው ለሁለት ይከፈል፤ የጾሙ ዕቃ በአንዱ፥ የፍስኩ በሌላው ይቀመጥ። ከፍታው እናት በርጩማቸው ላይ ሆነው እጃቸው ከሚደርስበት አይለፍ። ለቡናው ከመስኮቱ አጠገብ አንድ ጥግ ይተውለት፤ የጨርጨርን ቡና ከምድጃ ጀርባ ማፍላት ነውር ነው። የከሰሉ እሳት በሩና መስኮቱ ተዘግቶ ከሰው ጋር እንዳያድር ግን አደራ እንላለን፤ ሽታው ሳይታወቅ ሰው ይገድላል።

ሥራው የሚጀመርበት ጊዜም በዘፈቀደ አይደለም። በዚህ አገር የበልጉ ዝናብ እስከ ግንቦት ስለሚዘልቅና ክረምቱ በቅርብ ስለሚከተለው፥ ለጭቃ የሚመቸው ጥቅምት ነው። የተዘጋጀው ጭቃ ከጤፍ ጭድ ጋር ተረግጦ ይቡካ፤ ምርጊቱ በኅዳር መጀመሪያ ይለጠፍ፤ ኖራው ምርጊቱ ጨርሶ ከደረቀ በኋላ ይከተል። ኅዳር 15 ቀን ጾመ ነቢያት ሲገባ የማድ ቤቱ ሥራ ስለሚቀልል፥ እናት በጊዜያዊ ዳስ ቢሠሩ ብዙ አይጐዱም፤ ከሩቅ ያለው ልጅም ገንዘቡን በጥቅምት ቢልክ ለታኅሣሥ 19 ይደርሳል። አዲስ ምጣድ ከተገዛ የጎመን ዘሩ አብሮ ይገዛ። ማሟሸቱን ግን ልጆች አይንኩት፤ እናት ያሟሹት፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት እንጀራዎች ቢበላሹም ማንም አይገረም።