የቅንጦት አውቶሞቢል መቼ ይመረት?

ለአንድ የተሽከርካሪ ፋብሪካ ምን ይመረት የሚለው ጥያቄ ከባድ መሆኑ አይካድም። ይሁን እንጂ መቼ ይጀመር የሚለው ጥያቄ ከዚያ ያላነሰ ክብደት አለው። በተለይም የታሰበው ምርት ጥቂቶች ብቻ የሚገዙት የቅንጦት አውቶሞቢል በሚሆንበት ጊዜ፣ የሥራው መጀመሪያ ቀን በማን ፍላጎትና በምን ዝግጅት ላይ ተመሥርቶ እንደሚወሰን በጥሞና መመርመር ይገባል።

በሀገራችን ይህ ጥያቄ ሲነሣ ቀድማ የምትታወሰው፣ ለረጅም ዘመን ደብረ ዘይት ስትባል የኖረችው ቢሾፍቱ ናት። በሰኔ 2002 ዓ.ም. የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን ሲቋቋም በሥሩ የተጠቃለለው የቢሾፍቱ አውቶሞቲቭ ኢንዱስትሪ ካቀረባቸው ተሽከርካሪዎች መካከል ሕዝቡ በይበልጥ የሚያውቀው የከተማ አውቶቡሱን ነው። ቅደም ተከተሉ በመሠረቱ ትክክል ነበር፤ አንድ አውቶቡስ በአንድ ጉዞ ብዙ ሠራተኞችን ከቤታቸው ወደ ሥራቸው ያደርሳልና። ነገር ግን የማንኛውም ተሽከርካሪ ጉዳይ ከፋብሪካው በር ሲወጣ አያበቃም። መለዋወጫ ጠፍቶ አውቶቡስ በግቢ ውስጥ በቆመ ቁጥር፣ ተሳፋሪው በፌርማታ ቆሞ ይውላል።

የቅንጦት አውቶሞቢል በቶሎ ይመረት የሚሉ ወገኖች የሚያቀርቡት ምክንያት በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ባለገንዘቡ መኪናውን ከውጭ ማስመጣቱ ስለማይቀር፣ በሀገር ውስጥ ቢሠራ የውጭ ምንዛሪ ይድናል፤ ሠራተኛውም ከፍ ያለ ሙያ ይቀስማል ይላሉ። ይህ እውነት የሚሆነው ግን ማምረትና መገጣጠም ሳይምታቱ ሲቀሩ ነው። ሞተሩም፣ ማርሹም፣ መቀመጫውም በሣጥን ታሽጎ ከመጣ፣ ምንዛሪው ቀድሞ በወጣበት በር ተመልሶ ይወጣል። አባይና አዋሽ የተሰኙ አውቶሞቢሎችን ይገጣጥም የነበረው ሆላንድ ካር በ2005 ዓ.ም. ገደማ ከሥራ መውጣቱ የኢትዮጵያ ስም በመኪና ላይ መለጠፍ ብቻውን ዋስትና እንደማይሆን አሳይቷል።

የሌሎች ሀገሮች ልምድም ይህንኑ ያስረዳል። በቻይና የቻንግቹን ፋብሪካ የመጀመሪያውን የጭነት መኪና ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1956 ሲሆን፣ ቀይ ሰንደቅ ዓላማ የሚል ትርጉም ያለውን ሆንግቺ የተባለውን የባለሥልጣናት አውቶሞቢል የሠራው ከሁለት ዓመት በኋላ ነበር። የጭነት መኪናው ቀድሞ ነበር። እንዲያም ሆኖ አውቶሞቢሉ ነዳጅና ገንዘብ አብዝቶ በመፍጀቱ እ.ኤ.አ. በ1981 ምርቱ እንዲቆም ተደረገ። በሀብት የበለጸገችው አሜሪካም ከዚህ ስሕተት አላመለጠችም። የፎርድ ኩባንያ በገበያው መሟሟቅ ተማምኖ ያቀደው ኤድሰል ለሽያጭ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1957፣ ኢኮኖሚው በቀዘቀዘበት ሰዓት በመሆኑ፣ ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ ተቋረጠ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለው ብሂል ለትልቅ ኩባንያም ይሠራል።

ዛሬ ሁኔታው አዲስ መልክ ይዟል። መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል። ስለሆነም አዲሱ አውቶሞቢል በኤሌክትሪክ የሚሠራ መሆኑ ግድ ነው። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል በጉባ የተገነባው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቆ የኃይል ምንጭ ሆኗል። ሆኖም ኃይሉ በጉባ መመንጨቱ ብቻ መኪናውን አያንቀሳቅስም፤ በየከተማው መሙያ ጣቢያ፣ በየጋራዡም ባትሪ የሚጠግን ባለሙያ ያስፈልጋል።

እንግዲህ ምርቱ መጀመር ያለበት መቼ ነው? በመጀመሪያ፣ ያው ፋብሪካ የሚያወጣቸው አውቶቡሶች መለዋወጫቸው በሀገር ውስጥ ተሠርቶ ያለማቋረጥ ሲሠሩ፤ ሁለተኛ፣ ከአውቶሞቢሉ አካላት ዋና ዋናዎቹ በሀገር ልጅ እጅ ሲወጡ፤ ሦስተኛ፣ ከሽያጩ የሚገኘው ትርፍ ለሕዝብ ማመላለሻ እንደሚውል አስቀድሞ ሲወሰን ነው። እነዚህ ከተሟሉ የቅንጦት አውቶሞቢል መሥራት የሚያስነቅፍ አይሆንም። ሳይሟሉ ቀን ቢቆረጥለት ግን ለአንድ ቀን የምረቃ በዓል ሲባል የብዙ ዓመት ዕዳ መግባት ይሆናል። የመጀመሪያውን ቀን የሚወስን ባለሥልጣን ሁሉ፣ ፊርማውን ከማኖሩ በፊት ማለዳ ወጥቶ በፌርማታው የተሰለፈውን ሕዝብ ይመልከት።